ክፍሉ ሲያልቅ የማያልቅ ሐዘን፤ የስሜት ተአማኒነት በ«ባትልስታር ጋላክቲካ»

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተመልካች ቸር ነው። ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ቢያሳዩት ሳያቅማማ ይቀበላል፤ ልጇን ቀብራ በሚቀጥለው ክፍል ምንም እንዳልተፈጠረ የምትስቅ እናት ቢያሳዩት ግን ፊቱን ያዞራል። ሮናልድ ዲ. ሙር ይህ ቀድሞ የገባው ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለ«ስታር ትሬክ» በጻፈው አንድ ክፍል፣ ጠላት ማርኮ ፈቃዱን የነጠቀው ካፒቴን ፒካርድ ከዳነ በኋላ በቀጥታ ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ወንድሙ የወይን እርሻ ሄዶ፣ ከወንድሙ ጋር ጭቃ ላይ ተናንቆ አለቀሰ። ያ የአንድ ክፍል ሙከራ በ«ባትልስታር ጋላክቲካ» የሙሉ ድራማ መርሕ ሆነ።

ግሌን ላርሰን በ1978 የፈጠረውን ድራማ ሙር በ2003 እንደ አዲስ አነሣው፤ ከ2004 እስከ 2009ም በአራት ምዕራፎች ቀጠለ። አጽመ ታሪኩ ቀላል ነው። ሰው ራሱ የሠራቸው ሳይሎን የተባሉ ማሽኖች አሥራ ሁለት ዓለማትን በኑክሌር ያጠፋሉ፤ የተረፉት ሃምሳ ሺህ ያህል ሰዎች በአንዲት አሮጌ የጦር መርከብ ታጅበው ምድር የምትባል ፕላኔት ፍለጋ ይሰደዳሉ። የትምህርት ሚኒስትሯ ላውራ ሮዝሊን የጡት ካንሰር እንዳለባት ባወቀችበት ዕለት፣ ከእሷ በላይ ያሉት ባለሥልጣናት በማለቃቸው ፕሬዚዳንት ትሆናለች።

«33» የተሰኘው ክፍል የአጻጻፉን ብልኀት አጉልቶ ያሳያል። ሳይሎኖቹ በየ33 ደቂቃው ይመጣሉ፤ ከአምስት ቀን በላይ እንቅልፍ የለም። ስለ ሐዘን የሚሰብክ ምልልስ ግን አንድም የለም። ያለው የቀላ ዓይን፣ የተቆራረጠ መልስ፣ እየተደጋገመ የሚመጣ ስሕተት ነው። ሮዝሊን ዘንድ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ የሕያዋን ቁጥር በእጅ ይጻፍበታል፣ ይሰረዛል፣ ቀንሶ ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ሕፃን ሲወለድ አንድ ትጨምራለች። ሙታናቸውን እርም ለማውጣት ፋታ ላጡ ሰዎች ያ ቁጥር ለቅሶም እልልታም ይሆናል። በብዙዎቹ ክፍሎች መክፈቻ ላይም ተጽፎ ስለሚታይ ማንም ገጸ ባሕርይ በከንቱ አይሞትም።

ከዚህ ሁሉ ግን የሶል ታይ ታሪክ ይበልጥብኛል። በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ሕዝቡ የሰፈረባት ኒው ካፕሪካ በሳይሎኖች ተይዛለች፤ ታይ በእስር ቤት አንድ ዓይኑን አጥቷል። ሚስቱ ኤለን እሱን ለማስፈታት ገላዋን ሰጥታለች፤ ኋላም እሱን ለማትረፍ ብላ የአርበኞቹን መገናኛ ቦታ ለጠላት አሳልፋለች። ፍርዱ ሞት ነው፤ ፈጻሚውም ባሏ። መርዝ ያለበትን መጠጥ ያቀብላታል፣ ትጠጣለች፣ አቅፏት ያለቅሳል። ፍቅሩም ግዴታውም ቀደም ባሉት ክፍሎች እኩል ተገንብተው ስለመጡ ውስጣዊ ግጭቱ ማምለጫ የለውም። ድራማውም በዚያ አይበቃውም። በአራተኛው ምዕራፍ ታይ ከአንዲት ሰው መሰል ሳይሎን እስረኛ ጋር ሲነጋገር ፊቷ የኤለን ሆኖ ይታየዋል። ታይን የተጫወተው ማይክል ሆጋን በአንድ ዓይኑ የተወነውን ብዙዎች በሁለት አይወጡትም።

ታዲያ ኤለን ራሷ ከሳይሎኖቹ አንዷ ሆና ከሞት ስትነሣ ምን ተደረገ? ትረካው ወደ ቅናት ንትርክ ቸኮለ። ገድሏት የኖረ ባልና ተገድላ የተመለሰች ሚስት የሚነጋገሩት ብዙ ነበራቸው። የሮዝሊን ካንሰርም በሁለተኛው ምዕራፍ ከአንድ ፅንስ በተወሰደ ደም ድንገት ይድናል፤ የአንድ ምዕራፍ ተኩል ፍርሃት በአንድ ክፍል ይሰረዛል። በሽታው ሲመለስ ግን ሮዝሊንን የተጫወተችው ሜሪ ማክዶኔል ለሁለተኛ ጊዜ መታመም የሚያመጣውን ድካም እንደ አዲስ ስለተወነችው ጉድለቱ ከፊሉ ተክሷል።

ለስታርባክ ግን ካሣ አልተገኘም። ሞታ የተመለሰችው ይህች አብራሪ የራሷን ሬሳ አግኝታ በእጇ ስታቃጥለው ድንጋጤዋ እውነተኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሜዳ መካከል ድንገት ስትሰወር ግን ደራሲው የልብ ሰቀላውን ዕዳ ሳይከፍል ያልፋል። ምስጢሩ ባይፈታ አልከፋም ነበር፤ የከፋኝ የእሷ ድንጋጤ አብሮ መረሳቱ ነው።

በእኔ ሚዛን ሥራው ሕዝቡ ከኒው ካፕሪካ እስካመለጠበት ድረስ ባለው ክፍሉ በዘርፉ ካየኋቸው የላቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምስጢር ገጸ ባሕርይን እየተጫነ ይሄዳል። ማሳረጊያው ላይ ሕዝቡ ቴክኖሎጂውን ጥሎ መርከቦቹን ወደ ፀሐይ ለመስደድ ይስማማል። ስለ ውኃ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሥራ ማቆም አድማ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሕዝብ ሐኪም ቤቱን ጭምር ሲሰናበት ድምፅ አያሰማም። አንዲት ነፍሰ ጡር ተነሥታ «እኔ አልስማማም» ብትል ኖሮ መቋጫው በታመነ ነበር።