ስለ ሠንጠረዥና ስለ ቀን፤ በኤድጋር ኮድ ጽሑፍ ላይ የቀረበ አስተያየት

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው፥ ብዛት ያለውን የጋራ መረጃ በሠንጠረዥ ስለ ማደራጀት የሚናገረው ጽሑፍ፥ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ለሚሠራባቸው የመረጃ ቋቶች መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ከእርሱ በፊት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መረጃው በኮምፒዩተሩ ውስጥ በምን ተራ እንደ ተቀመጠና በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት ማወቅ ግድ ነበረበት፤ ተራው ሲለወጥ ፕሮግራሙም ይበላሽ ነበር። ደራሲው አቀማመጡን ከትርጓሜው ለየው። ይህን እኛም አንነቅፈውም።

የምንነቅፈው ስለ ዓምድ የሰጠውን ትርጓሜ ነው። በጽሑፉ እያንዳንዱ ዓምድ ዋጋውን የሚወስድበት ስብስብ አለው፤ ይህም ዶሜይን ይባላል። ከዚህ የሚከተለው፥ አንድ ዋጋ በስብስቡ ውስጥ ከተገኘ ይገባል፥ ካልተገኘ ይመለሳል ማለት ነው። ለሒሳብ ይበቃል፤ ለመዝገብ ግን የሚበቃ አይመስለንም። የቀን ዓምድ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የኤስኪውኤል ደንብ የተጨመረ ቢሆንም፥ የተሠራው በዚሁ ኀሳብ ላይ ነው።

አንድ ሕፃን የካቲት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ጸሐፊው 2015/6/30 ብሎ ቢያገባው፥ የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ብቻ የሚያውቀው ዓምድ «ጁን 30 ቀን 2015» ብሎ ይቀበለዋል። እውነተኛው ቀን ግን ማርች 9 ቀን 2023 ነው፤ እንግዲህ ሕፃኑ በተወለደበት ዕለት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሞላው። በጳጉሜ የተወለደ ይሻለዋል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ መዝገቡ እንቢ ይላል፥ ስሕተቱም ይታያል። ቈጥረን እንደ ደረስንበት፥ ከ2015 ዓ.ም. 366 ቀኖች ውስጥ የሚመለሱት ስድስቱ የጳጉሜ ቀኖችና፥ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው፥ ጥቅምት 29 እና 30 ናቸው። የቀሩት 358 ቀኖች ያለ ተቃውሞ ይገባሉ፤ ሁሉም ሐሰት ናቸው።

ጥፋቱ የጸሐፊው ነው የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ጸሐፊው የጻፈው ትክክለኛውን ቀን ነው፤ ያጣው የዘመን መቍጠሪያውን ስም የሚያሰፍርበት ቦታ ነው። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለምና ዓመተ ምሕረት በ5500 ስለሚለያዩ፥ ዓመቱ ያለ ስሙ ቢነገር ማንም ሊያሰላበት አይችልም። በመዝገቡም አንዱ ዓምድ ከታወቀ መነሻ ጀምሮ የተቈጠረውን የቀን ብዛት፥ ሁለተኛው የመቍጠሪያውን ስም፥ ሦስተኛው ባለጉዳዩ የተናገረውን ቀን እንዳለ ሊይዝ ይገባዋል። ቦታ ይፈጃል የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1970 ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ለሁለት ተጨማሪ ዓምድ የሚሳሳ ዲስክ የለም።