ጩኸትና ጩኸተኛ

የኤሌክትሪክ ጊታር አንዳንዴ በዜማው መሀል ድንገት «ሲጥ!» ይላል። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ፣ እንደ ፉጨትም እንደ ዋይታም ያለ ድምፅ ነው። «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ግን የበገናችን ያ የሚያንዘረዝር ድምፅስ በክሩና በበርኩማው መሀል ከምትሸጎጠው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራ፣ አይደለም እንዴ የሚመጣው? ሙዚቃ በጠራ ድምፅ ብቻ አይሠራም።

የጊታሩ ሲጥታ አሠራር ሲናገሩት ቀላል ነው። ቀኝ እጅ ክሩን በፒክ ሲመታ፣ የአውራ ጣት ጠርዝ ወዲያው ክሩን ነካ አድርጎ ይለቃል። ዋናው ድምፅ ይታፈናል፤ በውስጡ ተደብቀው የነበሩት ቀጫጭን ድምፆች፣ ሐርሞኒክ የሚባሉት፣ ጎልተው ይወጣሉ። ታዲያ የትም ነክቶ አይሆንም። ክሩ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት እኩል የሚከፈልባቸውን ነጥቦች ማግኘት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚነሳው። «የትኛው ጊታር ነው የሚጮኸው?» አንዱ ሌስ ፖል ካልሆነ ይላል፤ ሌላው ፒክአፑን ልቀይር ብሎ ገንዘብ ያጠራቅማል። እስቲ እንለካው። የፌንደር ስትራቶካስተር ክር ርዝመት 64.8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የጊብሰን ሌስ ፖል 62.9 ገደማ። ሩቡ ነጥብ በመጀመሪያው ከብሪጁ 16.2፣ በሁለተኛው 15.7 ሴንቲሜትር ላይ ይውላል። ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲሜትር! አሁን በዚያው ስትራቶካስተር ላይ ግራ እጅ አምስተኛውን ፍሬት ይጫን። የሚርገበገበው ክር ያጥርና ሩቡ ወደ 12 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የገዛ ግራ እጃችን ነጥቡን አራት ሴንቲሜትር አሸሸብን ማለት ነው። ጊታር ብንቀይር የሚመጣው ለውጥ ከዚህ አንድ ስምንተኛው ነው።

ጊታሮች ጭራሽ አይለያዩም ማለቴ አይደለም። ፒክአፕ ሐርሞኒኩ ከማይንቀሳቀስበት ነጥብ ሥር ከተቀመጠ ያንን ድምፅ አይሰማውም። ብዙዎች ለብሪጁ የቀረበውን ፒክአፕ የሚመርጡት አንድም ለዚህ ነው። ባለ ሁለት ጥቅሉ ሐምበከር ጠንከር ያለ ድምፅ ይልካል፤ የአምፕሊፋየሩ ዲስቶርሽን ደግሞ ደካማውን አጉልቶ ያወጣል። ባለ አንድ ጥቅሉ ግን ዲዳ አይደለም። ምስክሩ ሮይ ቡካናን ነው፤ በ1953 በተሠራ ቴሌካስተር ይህን ድምፅ እንደ ልቡ ያወጣው ነበር (ዘመኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቢሊ ጊበንስ ደግሞ የሚታወቀው በ1959 ሌስ ፖሉ ነው። ዕቃው ሌላ፣ እጁ ሌላ፤ ሲጥታው ግን ከሁለቱም ዘንድ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ዚዚ ቶፕ በ1973 ባወጣው «ላ ግሬንጅ» ጊበንስ ብዙ ካንጎራጎረ በኋላ ነው ጊታሩን የሚያስጮኸው። ሲጮህ ታዲያ አድማጩ ቀና ይላል፤ አንድ ነገር እንደተነገረው ይገባዋል። ከ1988ቱ የኦዚ ኦዝቦርን አልበም ጀምሮ የገነነው ዛክ ዋይልድ ደግሞ ሲጥታውን መታወቂያው አድርጎታል። ችሎታውን የሚጠራጠር የለም፤ እንደ እሱ የሚያስጮህ ጥቂት ነው። እኔ ግን ሲበዛብኝ ተማሪዎቼ ይታወሱኛል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ቃለ አጋኖ የሚደረድሩ ነበሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ምንም አያስደንቀኝም። የዛክ ጥፋት ግን ከአስመሳዮቹ ጥፋት ይቀላል። እሱ ቢያንስ የራሱን ድምፅ ነው ያበዛው፤ እነሱ የሚያበዙት የእሱን ነው።

ነገሩ የጊታር ብቻ መሰላችሁ? በስብሰባውም፣ በጽሑፉም፣ በሠርግ ቤቱም ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ የተናገረ ይመስለዋል። ጩኸት ክብደት የሚኖረው ግን ዝም ማለት የሚችል ሰው ሲጮህ ነው።

ስለዚህ ለጊታር ገንዘብ የሚያጠራቅም ወጣት ካለ ምክሬ አጭር ነው። አዲስ ከመግዛትህ በፊት አውራ ጣትህን ግማሽ ሴንቲሜትር ወዲያ ወዲህ አድርገህ ሞክር። ድምፁን ያገኘኸው ዕለት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጠብቅሃል፦ መቼ እንደማይጮህ።