የአይጥ ልብ ምስክርነት፦ ከቫይረስ በኋላ ስለሚከተለው የልብ ጡንቻ ብግነት

ቫይረስ ልብን ካጠቃ በኋላ የሰውነት የመከላከያ ኃይል በገዛ ልቡ ላይ ይነሣል የሚለው አስተሳሰብ በሕክምና ትምህርት ውስጥ ሥር ሰዷል። አስተሳሰቡ ውድቅ ነው ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ማስረጃው በአመዛኙ ከአይጥ የተገኘ በመሆኑ ምስክርነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ መመርመር ይገባል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚያዘው እጅ በዚሁ ትምህርት ሊመራ ይችላልና።

በኮክሳኪ ቢ3 ቫይረስ የተያዙ አይጦች በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ብግነት ይታይባቸዋል። ሲ57 ብላክ 6 የተባለው ዘር ከዚህ ያገግማል። ባልብ ሲ እና ኤ ጄ በተባሉት ዘሮች ግን ብግነቱ ከአንድ ወር በኋላም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኖኤል ሮዝና ባልደረቦቹ ቫይረስ ሳይኖር፣ የልብ ማዮሲንን በመውጋት ተመሳሳይ በሽታ አስነሡ። ይህ በእርግጥ ግሩም ሥራ ነበር።

ነገር ግን ማዮሲኑ ብቻውን አልተወጋም። በዘይት ከተበጠበጡ የሞቱ የቲቢ ባክቴሪያዎች ጋር ተደባልቆ ነው፤ በየትኛውም ሰው ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅመም አይገኝም። በቫይረሱ ሙከራም ቢሆን ብዙም የማይነሣ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ቫይረሱ የሚራባው በአይጥ ልብ ውስጥ ሲሆን፣ የሚወጋውም ከተፈጨው ልብ ጋር ነው። ታዲያ በሽታውን ያስነሣው ቫይረሱ ነው ወይስ አብሮት የገባው የልብ ፕሮቲን? የቫይረሱን አዘገጃጀት በግልጽ የማያስቀምጥ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ክሊንገልና ባልደረቦቿ የቫይረሱ አርኤንኤ በአንዳንድ አይጦች ልብ ውስጥ ድንገተኛው ምዕራፍ ካለፈ በኋላም እንደሚቆይ አሳይተዋል። ስለዚህ የዘገየ ብግነት ሁሉ የራስን አካል የማጥቃት ውጤት ነው ማለት አይቻልም። አይጥ ራሷም ቀደም ብላ አስጠንቅቃ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1956 ኪልቦርንና ባልደረቦቹ ኮክሳኪ ለያዛቸው አይጦች ኮርቲዞን ሲሰጡ የልባቸው ጉዳት ተባብሷል።

በሰው ላይ የታየውም ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው፣ 111 ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ፣ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች የልብን የመግፋት ዐቅም ከሌላው ሕክምና በተሻለ አላሳደጉም። እ.ኤ.አ. በ2009 በፍሩስታቺና በባልደረቦቹ ጥናት ግን ፕሬድኒሶንና አዛታዮፕሪን ከወሰዱት 43 ሕሙማን 38ቱ ተሻሽለዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የኋለኞቹ ከልባቸው ናሙና ተወስዶ ቫይረስ አለመኖሩ የተረጋገጠላቸው፣ በሽታቸውም የቆየባቸው ነበሩ። (ጋያንት ሴል የሚባለው ብግነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም።)

የልብ ጡንቻ ናሙናም ሆነ የቫይረስ ጂን ምርመራ በማይገኝበት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ታዲያ ከእነዚህ ከሁለቱ ጥናቶች የትኛው ሕመምተኛ ፊቱ እንደተኛ ማወቅ አይችልም። ከጉንፋን በኋላ ልቡ ለደከመበት ወጣት የልብ ድካም ሕክምናውን በአግባቡ መስጠት ይቻላል። ኮርቲኮስቴሮይድን «ምናልባት ይረዳው ይሆናል» ብሎ መጨመር ግን በባልብ ሲ ተስፋ በኪልቦርን አይጥ ላይ መፍረድ ይሆናል።