እምቦጭን መርገም

ጣና ላይ እምቦጭ መኖሩ ከተረጋገጠበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተገጠመለት ግጥምና የተጻፈለት ወግ ብዛቱ ከአረሙ አይተናነስም። ካነበብኳቸው ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እምቦጭ ወራሪ፣ ጣና የታመመች እናት፣ ገጣሚው ክተት ጠሪ። ትንሽ ቆይቶ እምቦጩ ፖለቲከኛ ይሆንና ሐይቁ ራሱ ከግጥሙ ይጠፋል።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ይሄ ተክል ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚፋፋው? ከአማዞን አካባቢ የመጣ መጤ መሆኑ እውነት ነው። ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኘ እንዲህ አይደልብም። ይህን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከደምቢያና ከፎገራ ማሳ ከደለል ጋር እየጠረጉ ያመጡለታል፤ የከተማ ፍሳሽም አለበት። ዘይቤው ጠላቱን ከውጭ ስላመጣው ዩሪያ የተበተነበት ማሳ በግጥሙ ውስጥ ቦታ የለውም።

ራቸል ካርሰንም በ1962 «ሳይለንት ስፕሪንግ»ን ስታሳትም የጀመረችው በተረት ነው፤ ወፍ የማይዘምርባት የምናብ ከተማ። ግን እዚያ አልቀረችም። ካሊፎርኒያ ወዳለው ክሊር ሌክ ትወስደንና፣ ትንኝ ለማጥፋት የተረጨው ዲዲዲ ውሃው ውስጥ ኢምንት ሆኖ ሳለ ከደቃቅ ሕይወት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ እየተጠራቀመ እንዴት እንደገደለ ደረጃ በደረጃ ታሳያለች። ለኔ የመጽሐፉ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። (ስለ ማዳበሪያ ብዙም አላለችም፤ ጉዳይዋ ፀረ ተባይ ነበር።)

እኛ ጋ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። ለዓመታት ገበሬው ሲነገረው የኖረው ምክር የአፈሩ ዓይነት ሳይለይ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ዩሪያውን ከፋፍሎ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ መስጠት፣ ወንዝ ዳር ሳር መተው፣ ተዳፋቱን በእርከን መያዝ፣ ይሄ ሁሉ የታወቀ ነው። ጣጣው ወዲህ ነው፤ ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የሚያርሰው ሰው ያቺን ዳርቻ ለሳር ቢተው ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይካስ ከተባለስ ማን ይክፈል? ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቱ መረቡ በአረም ሲያዝበት ማንን ይክሰስ? አራሹና አጥማጁ ወንድማማቾች ቢሆኑስ?

ይህን ታሪክ እስካሁን አላገኘሁትም። የማገኘው ውሃ ውስጥ ቆመው አረም የሚነቅሉ ሰዎችን ነው፤ ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ተሸክሞ ወደ ማሳው የሚወጣውን ያንኑ ሰው ማንም አልተከተለውም።