«የጸደቀ ነው!»

ባለፈው እሑድ፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩላችሁ። ፈንዲሻው፣ ዕጣኑ፣ ወሬው፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ቶናው ሊቀዳ ሲል የቤቱ ልጅ (ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው) ተነሳችና ከፍሪጅ ውስጥ ብዕር የመሰለ ነገር አወጣች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሆዷ ላይ ጠቅ አደረገች። ከዚያ የብዕሩን መርፌ ነቅላ ሌላ ሰካችበትና ለእናቷ አቀበለቻቸው። እትዬም እንደ ልጃቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ጠቅ!

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ፣ ወሬ የማያልፈኝ ሰውዬ።

«ኦዘምፒክ ነዋ ጋሼ! እኅቴ ናት ከአሜሪካ በሰው የላከችልን። ለእማዬ ለስኳሯ፣ ለእኔ ለቬሎዬ።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«ኧረ ጋሼ፣ የጸደቀ ነው! አሜሪካ ያጸደቀችው መድኃኒት ነው!»

እትዬም ሲኒያቸውን እያነሱ፣ «ክኒኑንማ ትቼዋለሁ ልጄ፤ ይኼ መጣልኝ፤ አዲስ ነው» አሉኝ። ክኒኑ ያሉት ከአሥር ዓመት በላይ የዋጡትን ሜትፎርሚን ነው። ቡናው ጎሮሮዬ ላይ ቀረ።

እንግዲህ እኔን ሲከነክነኝ የሰነበተው ይህቺ «ጸደቀ» የምትባል ቃል ናት። በቋንቋችን አዋጅ ይጸድቃል፤ በጀት ይጸድቃል፤ ችግኝ ይጸድቃል (ይኼኛው በሪፖርት ላይ ይበልጥ ይጸድቃል)፤ ነፍስም ትጸድቃለች። መድኃኒትም «ጸደቀ» ሲባል በጆሯችን የሚያቃጭለው የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። ኃጢአት የለበትም፣ ገነት ገብቷል፣ እንግዲህ ለማንም ይሆናል! ጋዜጦቻችንና ሬዲዮኖቻችንም ረድተውናል፤ «የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዲስ መድኃኒት አጸደቀ» ብለው ዜናውን እዚያው ላይ ይዘጉታል። ለማን? ለየትኛው በሽታ? በምን ያህል መጠን? በምን ማስረጃ? እሱ የማስታወቂያ ሰዓቱን ስለሚሻማ ይቀራል።

የማጽደቂያው ወረቀት ግን እንዲያ አይልም። የሚለው፣ «ይህ መድኃኒት፣ ለእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ መጠን፣ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች እንደተጠበቁ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል» ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግሡ ብቻ ነው፤ ባለቤቱና ተሳቢው መንገድ ላይ ይወድቃሉ።

ይህንኑ መርፌ እንውሰድ። ውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ ይባላል። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውንና «ጠግበናል» የሚለውን ሆርሞን የሚመስል ነገር ነው፤ ኢንሱሊን ስኳር ከፍ ሲል እንዲመነጭ ያግዛል፣ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገያል፣ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። «ኦዘምፒክ» በሚለው ስሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕሙማን ነው። ለውፍረት የጸደቀው በ2021 ሲሆን፣ ከፍ ባለ መጠን፣ «ዊጎቪ» በሚል ሌላ ስም ነው። ያም ቢሆን የክብደት መለኪያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ወይም 27 ሆኖ ደም ግፊትን የመሰለ ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ነው። ሒሳቡን እዚያው ናፕኪን ላይ ሠራሁት። ሙሽራችን ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ነው። 30 ለመግባት 82 ኪሎ ገደማ መሆን ይጠበቅባታል። እሷ 64 ኪሎ ናት! እዚያ ያሉ ሐኪሞች ካመኑበት መድኃኒትን ከጸደቀለት ውጭ ለሆነ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ፤ ሕጉም አይከለክላቸውም። ግን ሐኪም ነው የሚያዘው፤ እኅት አይደለችም።

መርፌውን ለማጣጣል አይደለም። በትክክል ተሞክሮ የመጣ መድኃኒት ነው። በአንዱ ትልቅ ጥናት ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ሲቀንሱ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት የቀነሱት 2.4 በመቶ ነው። በሌላ 17,604 የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ወፍራም ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በልብ ሕመም የመሞት፣ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ በ20 በመቶ ቀንሷል። ይህ 20 በመቶ ዓለምን ዞሯል። በሌላ አነጋገር ግን መርፌውን ካልወሰዱ 100 ሰዎች 8ቱ፣ ከወሰዱት ደግሞ ስድስት ተኩል ያህሉ ናቸው አደጋው የደረሰባቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ዜና የሚሆነው ግን አንደኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2025 ይህን መድኃኒትና ዘመዶቹን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል፤ የስኳር ሕመም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ለተደራረበባቸው። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ መድኃኒቱ ሊገባቸው የሚችል ሰው ካሉ እትዬ ናቸው። የእሳቸውን ግማሽ የምትወስደው ደግሞ ሙሽራዋ ናት።

መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ የሚሆነውንም ማንም አይነግረንም። ከላይ በጠቀስኩት የመጀመሪያው ጥናት ውስጥ መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በዓመቱ ሲታዩ ከቀነሱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። ሙሽራችን ለፎቶው ቀጥና፣ መልስና ቅልቅሉን አልፋ፣ ለከርሞው ፋሲካ ወደነበረችበት ትመለሳለች ማለት ነው።

ካርቶኑን አምጪው አልኳት። አመጣች። ላዩ ላይ የተለጠፈው የእኅትየዋ ስም ነው፤ የታዘዘው ለእሷ ነዋ። ያልተከፈተ ብዕር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት ይላል። እሱ ግን ሹራብ ተጠቅልሎበት፣ ጫማ ውስጥ ተወትፎ፣ በሻንጣ ነው ውቅያኖስ የተሻገረው። ይኼኛው ቢያንስ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በሰኔ 2024 የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ መድኃኒት ስም የተሠሩ አስመሳይ ብዕሮች በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘታቸውን አስታውቆ፣ በአንዳንዱ ውስጥ ያልተጻፈ ኢንሱሊን ሊኖር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስኳር የሌለባት ሙሽራ ሳታውቀው ኢንሱሊን ስትወጋ አስቡት።

መነጽሬን አድርጌ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ መስመር፣ መርፌው ቢቀየርም እንኳ አንዱን ብዕር ሁለት ሰው እንዳይጠቀምበት ይላል፤ ደም ወደ ውስጥ ተመልሶ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና። እናትና ልጅ ተያዩ። ሌላው መስመር ደግሞ፣ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከሁለት ወር አስቀድማ እንድታቆመው ይመክራል። ሙሽራዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሠርጉ ሊደርስ ነው፣ እትዬ ደግሞ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ቸኩለዋል።

«የጸደቀ» ሁሉ እንደዚህ ባለ ጥሩ ጥናት ይጸድቃል ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። አዱሄልም የሚባለውን የአልዛይመር መድኃኒት አስታውሱ። አማካሪ ሆነው ከተሰበሰቡት 11 ባለሙያዎች አሥሩ ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም አሉ፤ አንዱ እርግጠኛ አይደለሁም አሉ፤ ይበቃል ያለ አንድም አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ግን በሰኔ 2021 አጸደቀው። ምክንያቱ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን ይቀንሳል የሚል ነው። የአባባ ትዝታ ይመለሳል ወይ? እሱ ወደፊት ይጠናል! የዓመቱ ዋጋ መጀመሪያ 56,000 ዶላር ነበር። ከባለሙያዎቹ ሦስቱ በብስጭት ለቀቁ፤ አምራቹም በጥር 2024 መድኃኒቱን እንደሚያቆመው አስታወቀ። የመጽደቁን ዜና ያነበብን ሁላችን፣ የመቅረቱን ስንቶቻችን ሰማን?

ነገሩን በሙሽራና በቬሎ እያዋዛሁ አመጣሁት እንጂ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የኤች አይ ቪን ታሪክ የለወጡት መድኃኒቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ነው የጸደቀው። በተከታዩ ዓመት ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ላይ መስጠት ተጀመረና፣ በሀብታሞቹ አገሮች ሊሞቱ የተኙ ሰዎች ተነስተው ወደ ሥራ ሄዱ። እኛ ዘንድስ? የእድር ድንኳን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሌላው ግቢ የሚተከልበት ጊዜ ነበር። «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ስንቱን ሸኘን። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ በ1993 ዓ.ም. ክረምት ሲሞት መድኃኒቱ ከጸደቀ አምስት ዓመት አልፎታል። ጸድቋል፤ ለእሱ ግን አልጸደቀም። በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመት! ያኔ ማንም «ለማን?» ብሎ አልጠየቀም፤ መልሱ ይታወቅ ነበርና።

ለዚህ ነው ዛሬ ሌናካፓቪር ስለሚባለው መድኃኒት ስሰማ እጄን ሳላጨበጭብ የማዳምጠው። በሰኔ 2025 ነው የጸደቀው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተወጉ ኤች አይ ቪን ለመከላከል። ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል በጥናቱ ወቅት አንዷም አልተያዘችም። አንዷም! ይኼ ነው እንግዲህ ሲጸድቅ «እሰይ» የሚያሰኘው። ዋጋው ግን አሜሪካ ሲጸድቅ በዓመት 28,218 ዶላር ነበር። በእርግጥ እንደዚያኛው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልተጠበቀም፤ ገና ሳይጸድቅ ሌሎች ፋብሪካዎች አስመስለው ለ120 አገሮች እንዲሠሩት ስምምነት ተፈርሟል። ከ2027 ጀምሮም በዓመት 40 ዶላር ገደማ ለማቅረብ ውል ታስሯል። በዓመት በ28,218ና በ40 መካከል ያለው ልዩነት ሳይንስ አይደለም፤ መርፌው አንድ ነው። ጋዜጠኞቻችን በየወሩ የሚጸድቀውን ከሚቆጥሩልን፣ ያችን 40 ዶላር የሚከፍለው ማን እንደሆነና መርፌው የትኛው ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚደርስ ቢከታተሉልን እኔ በበኩሌ ደንበኛቸው ነኝ።

ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። በረካው ተቀዳ። እትዬ ከመደርደሪያው ላይ የሜትፎርሚኑን ጠርሙስ አውርደው ጊዜው አለማለፉን በመነጽሬ አስነበቡኝ። አላለፈም። ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ስላላቸው ብዕሩንም ካርቶኑንም ይዘው ሄደው ለሐኪሙ ሊያሳዩ ተስማማን። ሙሽራዋ ዝም እንዳለች ናት። በመጨረሻ ስልኳን አነሳችና ቬሎ አከራይዋ ጋ ደወለች።

«አንድ ቁጥር ከፍ የሚል ይኖርሻል?»