በዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር የደራሲን ስም ስለ መገልበጥ

የሳይንስ መጽሔቶች በየጽሑፉ መጨረሻ ለሚያትሙት የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ጥብቅ ደንብ አላቸው። ዓላማውም የታወቀ ነው፤ ይኸውም አንባቢው የተጠቀሰውን ጽሑፍ ሳይቸገር እንዲያገኝ፣ ደራሲውም የድካሙን ዋጋ እንዳያጣ ነው። እኛም ደንቡን የምንመዝነው በዚሁ በራሱ ዓላማ ነው።

የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ያስጀመሩት ደንብ፣ እንዲሁም የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ደንብ፣ የቤተ ሰብን ስም አስቀድሞ የደራሲውን ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ማመልከትን ያዛሉ። የቤተ ሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚወርድበት አገር ይህ ተገቢ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ በሚቀጥለው ትውልድም ይለወጣል። በዚህ ደንብ መሠረት የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው ይጻፋሉ፤ ታሪኩን የጻፉት ግን ባሕሩ እንጂ አባታቸው አይደሉም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በአንዳንድ ዝርዝር «ማርያም፣ መ. ወ.» ሆነው ይገኛሉ። ወልደ ማርያም የማይከፈል አንድ ስም መሆኑ ተዘንግቷል ማለት ነው።

አንድ ወጥ ደንብ ከሌለ ማውጫው ይዘበራረቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ጥቅስን የሚቆጥሩት የኮምፒዩተር መዝገቦች ስምን በሁለት ከፍለው ይይዛሉ። ይሁን እንጂ መዘበራረቁን በእኛ ላይ ያመጣው ይኸው ደንብ ነው። አንዱ መጽሔት በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ሲመዘግበው የአንድ ተመራማሪ ሥራ ለሁለት ሰዎች ይከፋፈላል። ሥራው በጥቅስ ብዛት የሚመዘን ወጣት መምህር በዚህ ብዙ ይጎዳል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ተራ ያስቀምጣል። እንደ እኛ በአባት ስም የሚጠሩት የአይስላንድ ሰዎችም በአገራቸው ማውጫ የሚሰለፉት በራሳቸው ስም ነው።

ስለዚህ የአገራችን መጽሔቶች የኢትዮጵያዊን ደራሲ ስም ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ ሙሉውን እንዲያትሙ እናሳስባለን። የኅትመቱ ዘመን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነም ይመልከት። በ1955 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1962 ወይም የ1963 ነውና፣ ምልክት ካልተደረገበት አንባቢውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያሳስተዋል። አንባቢውን ወደ ጽሑፉ የማያደርስ ዝርዝር ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ተግባሩን አልፈጸመም።