እንቁጣጣሽ በገዳሪፍ፦ አደይ አበባ በማይበቅልበት ምድር

የጃፓን የፀደይ አበባ በዓል፣ ሃናሚ፣ ቁርጥ ያለ ቀን የለውም። ሳኩራ የሚባለው የቼሪ ዛፍ ሲያብብ ሰው ከሥሩ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል፤ አበባው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይረግፋል። ልማዱ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ተራው ሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ አሱካያማ ኮረብታ ላይ ብዙ የቼሪ ዛፍ አስተክሏል። በዓሉ ባሕር ሲሻገርም ዛፉ ይቀድማል። በ1912 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ ከ3,000 በላይ ችግኞች ለዋሽንግተን በስጦታ ተላኩ፤ የከተማዋ የአበባ ፌስቲቫል የተጀመረው ችግኞቹ ከጸደቁ ከዓመታት በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ የአበባ በዓል በተቃራኒው ቀኑን ይዞ ይመጣል። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ነው፤ አደይ አበባ ቀድሞ ፈካም ዘገየም ቀኑ አይነቃነቅም። ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ያበረክታሉ። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ በስደት አገር የትኛው በዓል እንደሚጸና የሚወስነው እሱ ነው።

ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። በመስከረም የአይከል ዙሪያ ቢጫ ለብሶ ይታያል፤ ገንዳ ውሃ ሲደረስ ግን አገሩ ቆላ ነው፣ አደይም ደጋውንና ወይና ደጋውን እንጂ ይህን ሙቀት አይወድም። ከመተማ ዮሐንስ ድንበር ማዶ የሱዳኗ ጋላባት፣ ከዚያም ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ገዳሪፍ ትከተላለች፤ ሜዳዋ ጥቁር አፈር፣ ሀብቷ ማሽላና ሰሊጥ። በዚሁ አካባቢ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የረሃብና የጦርነት ስደተኞችን ያስጠለለው የኡም ራኩባ መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፍቷል፤ ሌላው መጠለያ ቱናይድባህም ከጥቂት ወራት በኋላ ተጨምሯል።

እንዲህ ባለ ቦታ አበባውን የሚጠብቅ በዓል ገና ከመጀመሪያው ይቀር ነበር። እንቁጣጣሽ ግን የሚያስፈልገው የዘመን አቆጣጠር፣ ዜማውን የሚያውቅ ልጅና የሚሣልበት ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህም የወንዶቹን የአበባ ሥዕል ከእውነተኛው አበባ ያነሰ ምትክ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ሥዕሉ አፈርና ከፍታ ሳይመርጥ የትም የሚደርስ የበዓሉ ሙሉ አካል ነው። መስቀል ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ ደመራው እንጨቱን ከቆላም ቢያገኝ፣ አናቱ ላይ የሚታሰረው አደይ የለም።

በዚያው ወቅት የገዳሪፍ ሜዳ አበባ የለውም ማለት አይደለም። በክረምቱ ዝናብ የተዘራው ሰሊጥ ነጭና ሐምራዊ ሲል፣ ከደጋ የወረደው ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ከነሐሴ ጀምሮ በአረም፣ ኋላም በቆረጣ ይሠራበታል። ይህን ያህል ስፋት ያለው አበባ በዓል ያልወጣለት በውበት ስላነሰ አይደለም። ሳኩራን ሕዝቡ የሚያየው ሥራ ፈትቶ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ነው፤ ሰሊጡን ግን ሳሉጉ የሚያየው በሰው እርሻ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የቀን ሒሳቡን እያሰላ ነው።